የካፒቴን ሆራስ የማይጠፋ ቀለም

[ማርስቢ፣ በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ። ዕለቱ "አገራችን ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ?" ተብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሐሙስ ነው። ከቀትር በኋላ፤ ዝናቡ ያካፋል። ከምርጫ ጣቢያው አዳራሽ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ጡረተኞች ተቀምጠዋል። ሆራስ ሠላሳ ዓመት የዓሣ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ ዊልፍ የዚያችው መርከብ ምግብ አብሳይ። መርከቧ ከተሸጠች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ ሆራስ ግን ከካፒቴንነቱ ገና አልወረደም። ጣቢያው ለመራጮች የሚሰጠው እርሳስ ስለሆነ፣ ኪሱ ሙሉ እስክርቢቶ ይዞ፣ ወደ አዳራሹ የሚገባውን ሁሉ እያስቆመ ያድላል።]

ሆራስ፦ በእርሳስ አይጻፍም አልኩህ! በእርሳስ ከጻፍክ ማታ ሰዎቹ ላጲስ ይዘው ይቀመጣሉ።

ዊልፍ፦ የትኞቹ ሰዎች?

ሆራስ፦ ሰዎቹ ናቸዋ!

ዊልፍ፦ ውስጥ ያለችው እኮ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታው ሴትዮ ናት። እሷ እንኳን የሕዝብ ድምፅ ልታጠፋ የራሷንም መነጽር መወልወል አቅቷታል።

ሆራስ፦ እሷን አይደለም የምልህ! ከሷ በላይ ያሉትን ነው።

ዊልፍ፦ [ቀና ብሎ ጣራውን እያየ] ከሷ በላይ እርግብ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሆራስ፦ ወይ ፈጣሪዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር አንድ መርከብ ላይ ኖሬ እንዴት አልሰመጥኩም?

ዊልፍ፦ መርከብ ላይ ግን መዝገቡን በእርሳስ ነበር የምንጽፈው። አንተው ነህ "ቀለም ይዞ የመጣ ሰው ራሱን ከነቀለሙ ባሕር ውስጥ ያገኘዋል" ስትል የነበርከው።

ሆራስ፦ እሱ ባሕር ነው፣ ይሄ ፖለቲካ ነው! ባሕር ላይ ጠላትህ ውሃ ነው፤ እዚህ ጠላትህ ላጲስ ነው። እኔ ለእንደዚህ ያለ ነገር የአባቴን የቀለም ብዕር ነው የማወጣው። እሱ የጻፈውን ንጉሥም አያጠፋውም።

ዊልፍ፦ እሺ ካፒቴን። [መዳፉን ዘርግቶ ጠብታ እየተቀበለ] እየዘነበ ነው ግን።

ሆራስ፦ ነገር አታንዛዛ። ይልቅ ንገረኝ፣ የምትጽፈው "ትቆይ" ብለህ ነው አይደል?

ዊልፍ፦ ታውቀው የለ። ምራቴ ሚልዳ ቁርጡን ነግራናለች። "እናንተ ከኅብረቱ ከወጣችሁ እኛም ከዚህ ቤት እንወጣለን" አለች። ልጄንና የልጅ ልጄን ዮናስን ይዛ ሊትዌኒያ፣ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው። ዮናስ አራት ዓመቱ ነው፣ ሆራስ። ጠዋት ጠዋት ከፎቅ ወርዶ ካልሲዬን የሚያለብሰኝ እሱ ነው። እኔ ጎንበስ ማለት አልችል፣ እሱ ግራና ቀኝ አይለይ፤ እንደምንም እንወጣዋለን። እሱ ከሄደብኝ እኔ አለቀልኝ።

ሆራስ፦ ስለ ሚልዳ ማን አወራ? ሚልዳማ ትቀመጥ! ያቺን ሮዝ የቀይ ሥር ሾርባዋን ሳልጠጣ የዋልኩበት እሁድ አለ? እኔ የምለው ሌሎቹን ነው።

ዊልፍ፦ ሌሎቹ ስትል የማን ምራቶች?

ሆራስ፦ ተወኝ እስቲ! በዚያ ላይ ዓሣ በሳህን እንጂ በመረብ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ብራስልስ፣ የኅብረቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ይህን ያህል አጥምድ ይህን ያህል ጣል ይለኝ ነበር። ያጠመድኩትን ዓሣ፣ ያውም የሞተ፣ መልሼ ባሕር ስደፋ አልቅሻለሁ። አይተኸኛል።

ዊልፍ፦ አይቼሃለሁ። መሐረቤንም ሰጥቼሃለሁ። እስካሁን አልመለስክልኝም።

ሆራስ፦ እንግዲህ ስማኝ። ያንተ አንድ "ትቆይ"፣ የኔ አንድ "ትውጣ"። ሲደመር ስንት ይሆናል?

ዊልፍ፦ ሁለት።

ሆራስ፦ ዜሮ!

ዊልፍ፦ ሁለት ሰው ገብቶ ዜሮ ከሆነ፣ እኛ የት ሄድን?

ሆራስ፦ ተጠፋፋን! ያንተ የኔን ያጠፋል፣ የኔ ያንተን ያጠፋል። ታዲያ ምን አስነሳን? አንተ ጉልበትህን ያምሃል፤ እኔ ዳሌዬን። አንተም አትገባም፣ እኔም አልገባም። እዚሁ ቁጭ ብለን ድንች ጥብሳችንን እንበላለን፤ አገሪቱም ምንም አይጎድልባትም።

[እውነቱን ለመናገር፣ ሆራስ ልቡ ውስጥ ጮቤ እየረገጠ ነው። እሱ ድምፁን ከሦስት ሳምንት በፊት በፖስታ ልኮ ተገላግሏል። ዊልፍ ከዚህ ወንበር ካልተነሳ ውጤቱ አንድ ለዜሮ ነው። ያ የካልሲ ነገር ግን ትንሽ ከነከነው። በድንች አበረደው።]

ሆራስ፦ እጅህን ወዲህ በል። "ከአሁን ጀምሮ በዚያ በር አልገባም" ብለህ ማል።

ዊልፍ፦ ከአሁን ጀምሮ?

ሆራስ፦ ከአሁን ጀምሮ! ምኑ ነው የከበደህ?

ዊልፍ፦ ምንም አልከበደኝም። ከአሁን ጀምሮ በዚያ በር አልገባም። አንተስ?

ሆራስ፦ እኔም በዚያ በር አልገባም! [ይቺኛዋስ ውሸት የለባትም።]

[ተጨባበጡ። ድንች ጥብሱን አቼቶ አርከፍክፈው አንድ ወረቀት ላይ እየበሉ ትንሽ ቆዩ። ሆራስ ግን ዓይኑን ከአዳራሹ በር መንቀል አልቻለም።]

ሆራስ፦ ይሄ ነገር ምንድነው? የኛ ሰዎች የት ገቡ? ከቀትር ጀምሮ ሲገባ የማየው ያንተን ወገን ብቻ ነው። ባሲል የታለ፣ ሥጋ ሻጩ? ሱቁ ላይ የአልጋ አንሶላ የሚያህል "ትውጣ" ሰቅሎ አልነበር?

ዊልፍ፦ ባሲል ቤቱ ነው። አበባ እያጠጣ።

ሆራስ፦ በዚህ ዝናብ?

ዊልፍ፦ ሌላ ሥራ አጣ።

ሆራስ፦ ፀጉር ሠሪዋስ፣ ዶሪን?

ዊልፍ፦ እሷም ቤቷ ናት።

ሆራስ፦ የመጠጥ ቤቱ የዳርት ውርወራ ቡድንስ? ስምንቱም "እንገባለን" ብለው ምለውልኛል!

ዊልፍ፦ ለኔ ደግሞ "አንገባም" ብለው ምለዋል።

ሆራስ፦ [ድንቹ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ] ምን አልክ?

ዊልፍ፦ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስሄድ ባሲል አስቆመኝና "ዊልፍ፣ ያንተና የኔ ይጠፋፋል፣ ምን አስነሳን?" አለኝ። ለጉልበቴ አስቦ ነው ብዬ ተጨባበጥን። ቀጥሎ ዶሪን። መጠጥ ቤት ስገባ ደግሞ የዳርት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እየወሰዱ አስማሉኝ። ሁሉም "ለማንም እንዳትናገር" አለኝ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፤ አሁን አንተ ስለጠየቅከኝ ነው።

ሆራስ፦ አሥር ሰው!

ዊልፍ፦ ካንተ ጋር አሥራ አንድ።

ሆራስ፦ አንተ እኮ ያለህ አንድ ድምፅ ነው!

ዊልፍ፦ እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። ሁሉም ከኔ ጋር ከተጠፋፋ፣ እኔ ስንት ነኝ?

ሆራስ፦ [ብድግ ብሎ፣ ዳሌው ይዞት መልሶ ቁጭ ብሎ] አንተ ቂል! አንተ ጭንቅላትህ ሾርባ! አገር ቁማር ላይ ሆና አንተ ወንበር ለወንበር እየዞርክ እጅ ትጨብጣለህ? ደግነቱ እኔን አላገኘኸኝም! እኔ እንዳንተ አይነቱ ጅል እስኪያበላሸው የምጠብቅ ሰው መሰልኩህ? ድምፄን ከሦስት ሳምንት በፊት በፖስታ ልኬዋለሁ!

ዊልፍ፦ [ድንቹን ቀስ ብሎ አስቀምጦ] ታዲያ አሁን የጨበጥከኝ ለምንድነው?

[ሆራስ ከወረቀቱ ላይ አንድ ድንች አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።]

ዊልፍ፦ ስለ ዮናስ ነግሬህ እያለ?

ሆራስ፦ ዊልፍ... የአገር ጉዳይ ነው እኮ።

ዊልፍ፦ እሺ። በማን ላክኸው?

ሆራስ፦ ባንተው ነዋ! ያቺ ቡናማ ፖስታ! ሳጥን ውስጥ ጣልልኝ ብዬ አልሰጠሁህም?

ዊልፍ፦ ያቺማ ለእህትህ የልደት ካርድ ናት ብለኸኛል።

ሆራስ፦ እንዳትጠረጥር ነዋ!

ዊልፍ፦ ሆራስ። እህትህ እኮ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው።

[አንድ የባሕር ወፍ ከወረቀቱ ላይ ድንች ነጥቆ ሄደ፤ "እሽ" ያለው የለም።]

ሆራስ፦ አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት።

ዊልፍ፦ እኔማ ክው አልኩ። "ሐዘኑ አሁን ገና ራሱ ላይ ወጣ" አልኩ። ለሚልዳ ብነግራት አለቀሰችልህ። ሰሞኑን ሁለት ሁለት ሳህን ሾርባ የምትቀዳልህ ለምን መሰለህ?

ሆራስ፦ [በለሆሳስ] ካፒቴንነቴን አክብራ መስሎኝ ነበር። ፖስታውንስ? አድራሻውን አላየህም?

ዊልፍ፦ የሰው ደብዳቤ አላገላብጥም፣ ያውም የሐዘን። ፖስታ ቤቶቹ "ሰውየው ለሙታን ካርድ መላክ ጀመረ" ብለው እንዳይሳሳቁብህ ደበቅኩልህ። እዚሁ፣ የዚህ የዝናብ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ክረምት ካልሆነ አልለብሰው፤ ዛሬ ስለዘነበ አወጣሁት።

[እጁን ወደ ቢጫው ካፖርት ኪስ ሰደደ። ኪሱ ክዳኑ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ አፉም ወደ ሰማይ ነው። ቡናማዋን ፖስታ ሲያወጣት ውሃዋ ከክርኑ ላይ ወረደ።]

ዊልፍ፦ በል እንካ። እኔ የሰው ድምፅ አልሰርቅም። በፖስታ ሳይሄድ የቀረውን እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ በእጅ ይቀበላሉ። ገብተህ ለሴትዮዋ ስጣት።

[ሆራስ ፖስታዋን ነጥቆ ቀደዳት። ወረቀቱን ዘረጋው። "ትውጣ" የለም፣ "ትቆይ" የለም፣ ምልክት የለም፣ ፊርማ የለም። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ብቻ ነው።]

ሆራስ፦ ቀለሜ! የአባቴ ብዕር! የማይጠፋው ቀለሜ!

ዊልፍ፦ [ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብሎ] ላጲስ እንኳ አልነካውም።

ሆራስ፦ ጨረስከኝ!

ዊልፍ፦ ግባና ሌላ ወረቀት ስጪኝ በላት። ከመሐላው እኔ ፈትቼሃለሁ።

ሆራስ፦ አይሰጡኝም! አንዴ በፖስታ እመርጣለሁ ብሎ የተመዘገበ ሰው እዚህ ወረቀት አያገኝም። [ድንገት ቀና ብሎ] ቆይ፣ ቆይ። እስከ አራት ሰዓት በእጅ እንደሚቀበሉ አንተ በምን አወቅክ?

ዊልፍ፦ ጠዋት አንድ ሰው እንዲህ ያለ ፖስታ ሲያስረክብ አየኋ።

ሆራስ፦ የት ሆነህ ነው ያየኸው?

ዊልፍ፦ እዚያው ውስጥ።

ሆራስ፦ ውስጥ? አልገባም ብለህ ምለህ?

ዊልፍ፦ "ከአሁን ጀምሮ" አላልከኝም? ከአሁን ጀምሮ አልገባሁም። ለባሲልም፣ ለዶሪንም፣ ለስምንቱም ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሥራ አንዳችሁም "ትገባለህ ወይ?" ነው ያላችሁኝ። "ገብተሃል ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍቱት ቀድሜ የገባሁት ሰው ነኝ። ዮናስ በሌሊት ተነስቶ ካልሲዬን አለበሰኝ። [ሱሪውን ከፍ አድርጎ እያሳየ] ሁለቱንም አንድ እግሬ ላይ።

[ሆራስ የዊልፍን እግር አየ። አንዱ ቁርጭምጭሚት ሁለት ካልሲ ለብሷል፤ አንዱ ባዶውን ነው። ሊቆጣ ትንፋሹን ሳበ፤ ያወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን ለመጥረግ ኪሱን ፈታተሸና አንድ አሮጌ መሐረብ አወጣ። የዊልፍ ነው።]

ሆራስ፦ እንካ መሐረብህን... እሁድ ሾርባው አለ?

ዊልፍ፦ እነ ሚልዳ እስካሉ አለ። ከዛሬ ወዲያ ግን አንድ ሳህን ነው፤ የእህትህ ካርድ ውሸት መሆኑን ለሚልዳ መንገሬ አይቀርም።

ሆራስ፦ ይገባኛል። እና በምን ጻፍከው? እኔ በሰጠሁህ እስክርቢቶ?

ዊልፍ፦ አይዞህ ካፒቴን፣ በእርሳስ ነው። አንተ እንዳልከው ከሆነ ማታ ያጠፉልሃል።