የከተማዋን ሙሉ ስም የሚያውቀው ተጓዥ

በስመ አብ ብዬ፣ አንደበቴን ከሐሜት እንዲጠብቅልኝ እየለመንሁ፣ ስለ አንድ ተጓዥ ላውጋችሁ። ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሀገር ያላየ ማን አለ? ይህኛው ግን የሚጓዘው ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ መንፈሳዊነት ከወዴት ይገኛል?

በቅርቡ እናቱ እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር፣ በሴት ልጃቸው ቤት በጠና ታመው ለጸሎት ተጠራሁ። አንደበታቸው ተይዟል። የምንጸልየው በክርስትና ስም ነውና ስማቸውን ብጠይቅ ልጅቱ ደነገጠች።

«እኔ አላውቀውም አባ፤ ለወንድሜ ነግራዋለች» ብላ በቪዲዮ ደወለችለት።

ተጓዡ ከአንዲት የእስፔን ደሴት፣ ከጥንታዊቷ ላ ላጉና ከተማ ብቅ አለ።

«አባ፣ እንዴት ሰነበቱ! ይቺን የእንጨት ሰገነት ይዩልኝ! የከተማዋ ሙሉ ስም እኮ ሳን ክሪስቶባል ዴ ላ ላጉና ነው፤ በቅዱስ ስም የተሰየመች!»

«ልጄ፣ የእናትህስ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«የማሚ? ወለተ… አንቺ ትዕግሥት፣ ወለተ ማን ነበር?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እሷ እኮ እያየችህ ነው!» አለችው እኅቱ እያለቀሰች።

«ጋይዱ እየጠራን ነው፤ ቆይቼ ኮል አደርጋለሁ» ብሎ ዘጋው።

እናቲቱ ዓይናቸውን ከጨለመው ስልክ አልነቀሉም። ምን ላድርግ? «አቤቱ፣ ልጇ ማሚ ብሎ የሚጠራትን ባሪያህን አስብ» ብዬ ጸለይሁ። ሳይነጋ ዐረፉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እግዚአብሔር አንተንም ቤተሰብህንም ይባርክ፤ በጭንቅህ ቀን ስምህን የሚያስታውስ ልጅ አይንሳህ።