ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት

እኛ አገር መንገድ ምክንያት ይፈልጋል። ደባርቅ ውስጥ አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ ስትራመድ እጇ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ዘንቢል ከሆነ ገበያ ነው፣ ጃንጥላ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተሸፈነ ሰሃን ከሆነ አራስ ጥየቃ ነው። ፈረንጅ ከሆነማ ግድ የለም፤ ሁለት ዱላ ይዞ የተራራው ፓርክ ውስጥ፣ ከሳንቃ በር ወዲያ ገደል ለገደል ሲንከራተት ይውላል እንጂ ማንም «ወዴት ነው?» አይለውም። እስቲ እናንተ ባዶ እጃችሁን፣ ያለ ጉዳይ፣ ፈጠን ብላችሁ ሂዱ። ሦስተኛው በር ላይ ሳትደርሱ «ምነው፣ በደኅና?» ትባላላችሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሰውነቴ ሳያማክረኝ የራሱን የአየር ንብረት አወጀ። ከተማው በብርድ ጥርሱን ሲያፋጭ እኔ የክፍሉን መስኮት ሁሉ እከፍታለሁ፤ ተማሪዎቼ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው ስለ ቆላ ይማራሉ። ጉልበቴም መንቋቋት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሷ «ማረጥ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፣ እትዬ» አለችኝ። ቃሉን ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ግን ከዚህ በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን እያሉ ይራመዱ» ብላ ጨመረችበት።

አጥንት ስትል እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ሰባት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ኖረች። ከመውደቋም በፊት እኛ ልጆቿ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ አለን» እያልን ከሥራ ሁሉ አስቀርተናት ነበር። በፍቅር ነው ያስቀመጥናት። ያ ወንበር አሁን እኔ ቤት ነው፤ ሳየው እፈራዋለሁ።

ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ገሰገስኩ። ገና ከሰፈር ሳልወጣ ሙቀቱ ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን ለበለበኝ። ላቤን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ፍጥነቴን ጨመርኩ፤ ለካ እንባውን የሚጠርግ ሰውም ከሩቅ ሲያዩት እንዲሁ ነው። ኋላዬ ኮቴ ሰምቼ ብዞር ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ከሌሎች ሁለት የሰፈር ሴቶች ጋር፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ እያለከለኩ ይከተሉኛል።

«ማን ነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኧረ ማንም! ስፖርት ነው።»

ሦስቱም ያዘቀዘቁትን ነጠላ እያቃኑ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ለቅሶ ቢሆን ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲያ መውጣት አፈርኩ። አራት ቀን ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን ግን ብልሃት ዘየድኩ፤ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጠበል ልትቀዳ ነው ተባለልኝ። የጠየቀኝ የለም፤ እንዲያውም መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበሉ ድረስ እየሄድኩ ሞልቼ ስመለስ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ጉልበቴም ረገበልኝ። በጠበል ማመካኘቴ ትንሽ ቢቆረቁረኝም ጠበሉን እጠጣዋለሁና ውሸቱ ግማሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት እትዬ ዘነቡ በግራና በቀኝ እጃቸው ሙሉ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«በየቀኑ ጠበል የምትመላለሺው ብትታመሚ ነው» አሉኝ። «ከእኛ ትደብቂያለሽ? ተማክረናል፤ ከዛሬ ጀምሮ በተራ እናመጣልሻለን። አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ አለን።»

ይህን ብለው ክንዴን ደገፍ አድርገው የእናቴ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

ክፋት ቢሆን እታገለው ነበር። ደግነትን እንዴት ብሎ ሰው እምቢ ይላል? ይህን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ላብ አልነበረም። እንደ ምንም ተነሣሁ።

«እትዬ፣ አልታመምኩም። የወር አበባዬ ቆሟል፣ ሙቀቱ ነው የሚያስሮጠኝ። አጥንቴ እንዳይሰበር መራመድ አለብኝ። ጀሪካኑን የያዝኩት ሰው እንዳይስቅብኝ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደረት ላይ እሳት እንደ ተለኰሰ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔን ሦስት ዓመት አቃጥሎኛል። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ስጨምቅ ኖርኩ። አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

ሃያ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተናል። የማን ልጅ ስንት ጥርስ እንዳወጣ ሳይቀር እንነጋገራለን። ይህን ግን አንድም ቀን አላነሣነውም፤ እሳቸው ማዶ፣ እኔ ወዲህ፣ የየራሳችንን ብርድ ልብስ ስንረግጥ ከርመናል።

በማግስቱ እትዬ ዘነቡ እነዚያን ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። ጀሪካኔን ላነሣ ስል «ተዪው» አሉኝ። አራታችን ባዶ እጃችንን፣ ጎን ለጎን፣ አስፋልቱን ይዘን ከነፍን። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሲያየን ደንግጦ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ሞተ፣ እማማ?»

«ማንም» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ሳይቆሙ። «እኛም ገና ነን።»

አላመነም መሰለኝ፣ ባጃጁን አዙሮ እስከ ከተማው ጫፍ ቀስ እያለ ሸኘን።

የእናቴን ወንበር ከጥጉ አንሥቼ በሩ አጠገብ አስጠጋሁት። የጫማዬን ማሰሪያ ስቋጥር እቀመጥበታለሁ።