የአዴ ፋጡማ ለውዝ

«የፈሪ እናት አታለቅስም» ይባላል። ስለ ፈሪ ጎረቤት ግን የተባለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጠንቃቃ ነኝ፤ በሬን ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምነቀንቅ፣ ወተት ሦስት ጊዜ የማፈላ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን ደግሞ ጥንቃቄ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነበር። በየስብሰባው «ጠላት መሃላችን ተሰግስጓል» ሲባል ከርሞ፣ እናንተስ ብትሆኑ የጓሮ ተክል አትጠረጥሩም?

ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ ቀበሌያችን ከአሸዋው ወንዝ ዳር ለየቤቱ ቁራሽ መሬት አከፋፍሎን ነበር። እኔ ቲማቲም ተከልኩ፤ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ከጎኔ ለውዝ ዘራች። ዘሩን ያመጣችው ከከተማው ወጣ ብሎ ጀልዴሳ መንደር ይኖሩ ከነበሩት ሟች እናቷ ቤት ነው፤ በድርቁ ሌላው ሁሉ ተበልቶ የተረፈ አንድ ጭብጥ። ከዚያ ሌላ አልነበራትም።

ለውዙ ባበበ ሰሞን ለዘመድ ለቅሶ ጀልዴሳ ስትሄድ «አረሙን እይልኝ» አለችኝ። አረም ስነቅል አንድ የለውዝ እግር አብሮ ወጣ። ሥሩን ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ወርሶታል! ሌላ ነቀልኩ፤ ያው ነው። ወደ ቲማቲሜ ሳይሻገር ብዬ ያየሁትን ለውዝ ሁሉ ነቅዬ አቃጠልኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። ፈሪ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ስትመለስ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው፣ ሮጬ ነገርኳት። ድሬዳዋ በደህናው ቀን እንኳ አንቱታ አታበዛም።

«አቦ፣ አንተ ሰውዬ! የለውዝ ሥር ሁሌም እንዲህ ነው። እስክመጣ ምን አጣደፈህ?»

«ይዛመታል ብዬ እኮ ነው፣ አዴ።»

«የሚዛመተው ያንተ ፍርሃት ነው!»

አላመንኳትም። በማግስቱ ወደ ቀበሌው ብቅ ያለውን የእርሻ ባለሙያ ይዤ ሄድኩና፣ ጥግ ላይ ያመለጠችኝን አንዲት እግር ነቅዬ አሳየሁት። እባጩን በጥፍሩ ሰነጠቀው። ውስጡ እንደ ድድ ቀላ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ እባጩ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ፣ የተክሉ እንግዳ ነው። ከአየር ምግብ እያዘጋጀ ተክሉን ይቀልባል። ይቺ እግር በጣም ጤነኛ ነበረች። ሌላ እግር አለ?»

ሌላ እግር አልነበረም።

መምህር የሆነችው የልጅ ልጄ በቅርቡ ነገሩን አስፋፍታ ነገረችኝ። ተክሉ ተባይና ጀርም የሚመክትበት ትእዛዝ በዘረመሉ ውስጥ ተጽፏል አሉ። ይህ እንግዳ ሲመጣ ግን፣ እዚያው እባጩ ውስጥ ብቻ ዘቡን ያረግብለታል፤ ሌላው ሥሩ እንደነቃ ነው። ይህን የሚያዘው ዘረመል የተበላሸበት ተክል የሚቀልበውን እንግዳ ራሱ ይገድላል፤ ከዚያም ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። ለውዝ እንኳ መጠርጠር የት ላይ እንደሚበቃ ያውቃል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው።

ያኔ ከገበያ የለውዝ ዘር ፈልጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ወሰድኩላት። ተቀብላ ዘራችው። ሲደርስ ቆልታ አንድ እፍኝ ዘገነችልኝ።

«የእናትሽስ ዘር እንዲህ ይጣፍጥ ነበር፣ አዴ?» አልኳት፤ አፌን በቆረጠው።

«አሁንማ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። «አቦ፣ ዝም ብለህ ብላ!»

በላሁ። ጣፋጭ ነበር።