ቆቡን ማን ጫነብኝ?

ሰው ማለት እውነቱን ሲነግሩት የሚስቅ፣ ሲዋሹት የሚያምን ፍጡር ነው። አይደለም የምትሉ ካላችሁ የኔን ጉድ ስሙና ፍረዱ።

እኔ ከጋይንት እስከ እስቴ በየሰርጉና በየአዳራሹ እየዞርኩ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ። መድረክ ላይ ቆሜ "ርቦኛል" ብል እንኳ ሆዱን ይዞ የሚንፈራፈር እንጂ ጉርሻ የሚያቀርብልኝ የለም። አንድም ቀን ያልሳቁልኝ የእጮኛዬ የትርንጎ አባት ብቻ ናቸው፤ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ቢሆንም ሽማግሌ ልኬባቸው እሺ ብለውኛል፣ ሰርጉም ለጥር ተቆርጧል። እንግዲህ አርፌ አልቀመጥም? ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር... ፊልም ልሥራ አልኩ።

አንድ ዳይሬክተር ለቀረጻ ወገዳ ይመጣል። ቀልዴን አይቶ "ፊትህ ያሳዝናል፣ ለድራማ ነው የተፈጠርከው" ይለኛል። ስንቱን ያሳቅሁበትን ፊት! የሰጠኝም ፍቅረኛው ከድታው የሚመነኩስ ጎልማሳ ሚና ነው። መሬት ላይ ተኛሁ፣ ተገነዝኩ፣ በቁሜ ፍትሐት ተፈታብኝ፣ ቆብ ተጫነልኝ። ስለፈልፍ የኖርኩት ሰውዬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት እናቴ ሳትቀር አለቀሰች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ መሪጌታ አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቼ ተደርድረዋል፤ ትርንጎ ጓዳ ሆና ስትነፋረቅ ይሰማል።

"አባ፣ ይቀመጡ" አሉኝ።

እስከ ትናንት "አንተ ቧልተኛ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው አንቱ ሲሉኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ መነኩሴ ፈለግሁ።

"የኔታ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"ፍትሐት ተፈትቶብዎታል?"

"ተፈትቶብኛል፣ ግን..."

"ቆብስ ጭነዋል?"

"ማታውኑ መልሼላቸዋለሁ የኔታ!"

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። መሪጌታ ግን ፊታቸውን አልፈቱም። "የመነኮሰ ለዓለም ሞቷል። እኔ ልጄን ለሙት አልድርም" አሉ።

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱማ ጭራሽ ጠጋ ብሎ "አባ፣ ይፍቱኝ" አለኝ።

"ለመሆኑ ያመነኮሱዎ አባት ማን ይባላሉ?" አሉ መሪጌታ።

ይሄኔ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። "ሰይድ።"

"አባ ሰይድ?"

"ኧረ የምን አባ! የወገዳው ልብስ ሰፊ ሰይድ ነው። የመነኮሳቱን ቀሚስ ሊሰፋ መጥቶ፣ ዳይሬክተሩ ጺሙን ሲያይ አበምኔት አደረገው።"

"መጥቶ በአንደበቱ ይናገር" አሉ።

ለምኜ አመጣሁት። ሰይድ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ፊታቸው ቆመ።

"ይህን ሰው ያመነኮስከው አንተ ነህ?"

"እኔው ነኝ፣ የኔታ። ቀሚሱንም እኔው ነኝ የሰፋሁት፣ ትከሻው ጋ ትንሽ ጠቦታል።"

"ፍትሐቱንስ ማን ደገመው?"

"ግእዝ የት አውቄ? ከንፈርህን አንቀሳቅስ ሲሉኝ ልብሳቸውን ያልወሰዱ ደንበኞቼን ስም ስጠራ ነበር።"

መሪጌታ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። እኔ ስንት ዓመት ለፍቼ ያጣሁትን ሳቅ ሰይድ በአንድ ቀን ወሰደው፤ ቅናት አንገበገበኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ቧልተኛ፣ እስከ ጥር አደብ ግዛ!"

አንተ ስባል እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሰርጉ ቀን ሰይድን ከክብር ቦታ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ተንበረከኩ። "አባታችን፣ በፊልሙ አይቼዎታለሁ፣ ይባርኩኝ።"

ሰይድን ላብ አጠመቀው። "እማማ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ።"

ባልቴቷ ሳቁ። "ይችን ቀልድ ከሙሽራው ነው የተማሩት? ይልቅ ይባርኩኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ።"

ምን ያድርግ? "አላህ ይባርክዎት" አላቸው።

"አሜን" አሉና ጉልበቱን ስመው ተነሱ።