አንዋርን የተቀበለው ማን ነው?

ማምሻ ማለት፣ ነገሩን በጥንቃቄ ለመተርጎም ያህል፣ ፀሐይ ሥራዋን ጨርሳ የሄደችበት፣ መብራት ደግሞ ሥራውን ያልጀመረበት ጊዜ ነው። ቀን እንዳይሉት ጨልሟል፤ ሌሊት እንዳይሉት ዶሮዎቹ ገና አልሰፈሩም። ቆቦ ላይ ይህ ጊዜ አጭር ነው። ፀሐይ በምዕራብ ካለው ደጋ ጀርባ ድንገት ትገባለች። የተረፈው ብርሃን ወዲያ ማዶ ዞብል ተራራ አናት ላይ ጥቂት ቆሞ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ሜዳው ዞሮ ያይና ይሄዳል። በዚህ ሰዓት ሰው ምን ያያል? አብዛኞቻችን ግማሹን እናያለን፣ ግማሹን እንገምታለን፤ ከዚያ የገመትነውንም ጭምር አየን ብለን እንምላለን።

እኔ እዚሁ ቆቦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ኋላ ላይ ማፈሬ አግባብ እንደሆነ ከአሁኑ እንዲታወቅልኝ ነው። የምኖረው ከእናቴ፣ ከእህቴ ከሩቅያና ከታናሽ ወንድሜ ሚስት ከዘምዘም ጋር ነው። (በዚህ ዕድሜህ ከእናትህ ጋር ምን ታደርጋለህ የሚል ካለ፣ የማወራው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።) ወንድሜ ሎጊያ ሹፌር ስለሆነ ቤታችን ያለው ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር። ዘምዘም የዋጃ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አንዋርን ወለደች። ነገሩ ሲጀመር ልጁ የሦስት ወር ጡት ጠቢ ነበር።

የጀመረው በሰላምታ ነው። ሰላምታ በኛ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሁለት የራያ ሰዎች ደኅንነት ተጠያይቀው እስኪጨርሱ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊሄድ ይችላል። ምራት ደግሞ የባሏ ታላቅ ሲገባ መነሳት አለባት። ዘምዘም ገና ከሩቅ ስታየኝ ብድግ የምትል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ማምሻውን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በረንዳው ላይ ልጇን ታቅፋ እንደተቀመጠች ቀረች። ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ፊት ለፊቷ ቆምሁ። ዓይኗ ክፍት ነው። እኔን ግን አያየኝም፤ እንደ መስኮት አልፎኝ ከኋላዬ ያለውን አጥር ያያል።

እኔ እንዲህ በቀላሉ የምታለፍ ሰው አይደለሁም። ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ስገባ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ቀድመው የሚተያዩብኝ ሰው ነኝ። ታዲያ እንዴት ሳልታይ ቀረሁ? እውነቱን ልናገርና፣ ሞቼ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የልብ ምት እንዴት እንደሚለካ የማስተምረው እኔ ስለሆንሁ የእጄን አንጓ ያዝሁ። ይመታል። እንዲያውም ይፈጥናል።

እናቴ ነገሩን ኩራት ነው ብላ ተረጎመችው። ወንድ ልጅ ወለድሁ ብላ ናቀችን አለች። ኩራት ግን ሰውን ከበር መቃን ጋር አያጋጭም። ዘምዘም ፀሐይ ስትጠልቅ ከመቃኑ ጋር መጋጨት፣ የውኃውን ጀሪካን በእግሯ መጣል ጀመረች። አንድ ማምሻ ደጃፉ ላይ ኮቴ ሰምታ፣ ግቡ ብላ፣ የጎረቤቱን ፍየል ከነልጆቿ ደኅንነቷን ጠየቀቻት። ሩቅያ እስኪያማት ሳቀች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ዘምዘም እንደገና ግቡ አለች። በዚህ ቀን ደጃፉ ላይ ፍየልም አልነበረም። ሩቅያም አልሳቀችም። እናቴ ብቻ፣ አዑዙ ቢላህ ብላ መጋረጃውን ዘጋች።

እኔስ ምን አልሁ? ምንም። የተማረ ሰው በማይገባው ነገር ላይ ዝም ሲል እንደሚያስብ ይቆጠርለታል፤ በዚህ ወግ ብዙ ዓመት ተጠቅሜያለሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሩቅያ ሮቢት ገበያ ሄዳለች፣ እናቴ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ናት። ማምሻውን በጓሮ በር ገባሁ። ዘምዘም ክፍሉ መሐል ቆማለች። ልጁን በሁለት እጇ ወደ ፊት ዘርግታዋለች፤ ከፊቷ ግን ማንም የለም። «ሩቅያ፣ እንኪ እስቲ ያዥልኝ፣ እጄን ልታጠብ» ትላለች፤ እዚያ ለሌለችው ሩቅያ ፈገግ ብላላታለች። ፀጉሬ ቆመ። ከታች ሲሚንቶ ነው። ጣቶቿ መላላት ጀመሩ።

እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፤ ልጁ እጄ ላይ ነበር።  ስሜን እንኳ ብጠየቅ አልመልስም ነበር። ዘምዘም «ተባረኪ» ብላኝ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ውኃው ሄደች። ልጁን አልጋው ላይ አስተኝቼ፣ በመጣሁበት በር ወጥቼ ጓሮ ካለው የፓፓያ ዛፍ ጋር ተደገፍሁ።

ወዲያው ሩቅያ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከመንገድ ገባች። ዘምዘም፣ ልጁን የት አደረግሽው ብላ ጠየቀቻት። የቱን ልጅ? አሁን የሰጠሁሽን! እኔ እኮ አሁን ከመኪና መውረዴ ነው! ቀጥሎ የተሰማውን ጩኸት አልገልጸውም። አንዋር አልጋው ላይ፣ ልብሱ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ተኝቶ ተገኘ። እናቴ ከለቅሶው ሮጣ መጣች። ሦስቱ ሴቶች ልጁን ከበው ሲቆሙ በጓሮው በር አየሁ።

በዚህ ጊዜ ገብቶ «እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? አትፍረዱብኝ። ለእንዲህ ያለ ቃል የተሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ የኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ለምን ተደበቅህ?» ነው። ለሱ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። የለኝምም።

እናቴ ማታውኑ ፈረደች። ነገሩ ጂን ነው፣ የመጣውም በወተቷ ነው፤ ወተቱን ፈልጎ ልጁን ይለማመደዋል። ስለዚህ ዘምዘም ከነገ ወዲያ ጧት በሚኒባስ ዋጃ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች፤ እዚያ ቁርኣን የሚቀሩላት ሽማግሌ አሉ። ልጁ እዚሁ በጡጦ የፍየል ወተት እየጠጣ ይቆያል። እስከ መቼ? እስኪለቃት። ሎጊያ ተደወለ። ወንድሜ «እማ ያለችው ይሁን» አለና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ዘምዘም ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ሦስት ወሩ ነው እኮ እማ። ጡቴንስ ምን ላድርገው?» አለች። እናቴ ጡጦ ልትፈልግ ተነሳች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነጃት የአንዋርን የክትባት ካርድ ልታይ መጣች። ነጃት ተማሪዬ ነበረች። የዘምዘምን በለቅሶ ያበጠ ዓይን አይታ ጠየቀች፤ እናቴም ፍየሉንም፣ ደጃፉንም፣ ያልታወቀውን ተቀባይም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ነጃት በመፍራት ፈንታ ጥያቄ ማብዛት ጀመረች። በቀትር ታያለች? በደንብ። የምትጋጨው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሲመሽ። ምን ትበላለች? የማሽላ እንጀራ በሽሮ። ወተትስ? ላሟ ነጥፋለች። ጎመን? እናቴ ሳቀችባት፤ ጎመን የበላች እናት የልጇን ሆድ ታሳምማለች። ዱባ፣ እንቁላል፣ ጓሮ ያለው ፓፓያ? ለአራስ! በመንገዱ ላይ ማንጎና ፓፓያ የጫነ አይሱዙ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል፤ ልጅቱ ታየዋለች። ቀን ስለሆነ።

ነጃት ወደ ዘምዘም ዞራ፣ ዓይንሽ እንዲህ ሲሆን ለምን አልተናገርሽም አለቻት። ዘምዘም አፍራ፣ «የናንተ ቤት ቶሎ ይጨልማል ብዬ ነው እንጂ» አለች። ለሁላችንም የጨለመ መስሏት ኖሯል።

ከዚያ ነጃት እኔን አየችኝ። «ቲቸር፣ ዳፍንት እኮ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት። እርስዎ አይደሉም ያስተማሩን? ፈተናም አውጥተውብን ስቼው አንድ ማርክ ቀንሰውብኛል።» እውነቷን ነው። በየዓመቱ በእንግሊዝኛ አወጣዋለሁ። በአማርኛ ቤቴ ድረስ ሲመጣ አልተዋወቅንም።

ነጃት ቀጠለች። የምታጠባ እናት ላይ እጥረቱ ይብሳል፤ ካላት ላይ እየቀነሰች ለልጁ ትሰጣለችና። እሷ ባዶ ከሆነች ወተቷም ይህ ነገር ይጎድለዋል፤ ልጁም ስንቅ ሳይዝ ያድጋል። ተቅማጥና ኩፍኝ ሲመጡበት ይጎዳል፣ የራሱም ዓይን ይሰጋል። ዘምዘምን ወዲያው ጤና ጣቢያ ወስዳ በየቀኑ የሚዋጥ ትንሽ ክኒን ይዛ ተመለሰች። ሩቅያ፣ በዘመቻ የሚሰጠው ትልቁ አይሻልም ወይ አለቻት። አይሆንም፣ ያ ለልጆች ነው፤ አንዋርም ስድስት ወር ሲሞላው ይወስዳል። ለእናት ትንሽ ትንሹ፣ በየቀኑ። የልጁ ድርሻ እስከዚያ በእናቱ በኩል ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ አይለያዩ።

እናቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች። ክኒን አልጠላችም። «ክኒኑን ዋጃም ትውጠዋለች» አለች። «ደግሞ ዓይኗስ ይሁን ልጄ፣ ቫይታሚን ነው እንበል። ልጁን የተቀበላት ማን ነው? እሱም ቫይታሚን ነው?»

ነጃት ወደ እኔ ዞረች። እኔም፣ ያን ያህል ቆይቼ፣ «እኔ ነኝ» አልሁ።

 እናቴ አላመነችኝም! እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ፣ ቤት ሙሉ ሰው ሲንቀጠቀጥ እያየ ዝም የሚል ልጅ አልወለድሁም አለች። ለልጅቱ አዝኖ ነው የሚዋሸው፤ አንጀቱ ለስላሳ ነው፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። ውርደቴን በሙሉ ዘርዝሬ ብነግራት ደግነቴን እየጨመረችበት ሄደች። በመጨረሻ፣ ያን ቀን የሆነውን ደግመን እንሞክረው ተባለ። ማምሻ ይጠበቅ።

መሸ። ብርሃኑ ከዞብል አናት ላይ ለቀቀ። ትራስ በአንዋር ልብስ ተጠቀለለ፤ ልጁ ከሩቅያ ጋር ተቀመጠ። ዘምዘም ክፍሉ መሐል ቆመች። እኔ እንደዚያን ቀኑ ድምፄን አጥፍቼ ፊቷ ቆምሁ። ዓይኗ አሁንም እንደ መስኮት አልፎኝ ያያል። እጇን ዘረጋች፤ ትራሱን ተቀበልኋት። ጣቶቼን በጣቶቿ ዳሰሰች።

«አይደሉም» አለች።

ሩቅያ ልጁን አጥብቃ ያዘችው። ዘምዘም ቀስ ብላ ጨመረች። «ያኛው እጅ ሙቅ ነበር። ሲቀበለኝ ደግሞ በቀጭን ድምፅ ቢስሚላህ ብሏል። ሩቅያ ናት ብዬ ያመንሁትም ለዚህ ነው።»

ልብ በሉልኝ፣ እኔ ቢስሚላህ አላልሁም። ምንም አላልሁም። ትራሱን እንደታቀፍሁ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የሆነ ሰው የሚተነፍስ መሰለኝ፣ ዞሬ ግን አላየሁም።

እናቴ ግን ፊቷ በራ። ቢስሚላህ ካለ ሙስሊም ነው! የወደቀን ሕፃን ተቀብሎ፣ ልብሱን ጠቅልሎ፣ አልጋ ላይ ያስተኛ ምን ክፋት አለው? እንዲህ ያለው ያደረበትን ቤት ይጠብቃል። ልጁን ከእናቱ ብንለይ አይቀየመንም ወይ? የሚኒባሱ ነገር በዚያው ቀረ። ከፓፓያውም ለዘምዘም ይቆረጥላት ተባለ፤ ነጃት ከረፋድ ጀምሮ ስትለምን የዋለችውን ማለት ነው።

ዘምዘም ክኒኑን ሳታቋርጥ ወሰደች። በሁለተኛው ሳምንት ማምሻውን ገና ከአጥሩ ስገባ ብድግ አለች። ብቻዋን ሳገኛት፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ቀን ያልሽው ከዋጃው መንገድ ለመትረፍ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ብሏል፣ ጋሼ» አለችኝ። ስትመልስልኝ ያየችው እኔን አልነበረም፤ ከትከሻዬ በስተኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ዓይኗ ደግሞ ድኗል።

ልጁን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። በቀን ሲሆን ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

አንዋር ስድስት ወር ሲሞላው የራሱን ድርሻ ወሰደ፤ ጡቱንም አልተወም። እናቴ አሁን ማምሻ ላይ ወደዚያ ክፍል ስገባ፣ «ቀስ በል፣ እንዳትገፋው» ትለኛለች። እኔም ቦታ ትቼለት በጎኔ እገባለሁ።