ቀጭኔው በበር አይገባም

[የአንድ ትልቅ አዳራሽ የኋላ ክፍል። ሰፊ መስታወት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር መጋረጃ። አዘጋጅ የዛሬውን ኮንሰርት ያሰናዳው ሰው ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን ያጠብቃል። አማች የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለዛሬ የኋላውን በር እንዲጠብቅ ተመድቧል። ወንበሮች ደርድሮ ሲያበቃ የበሩን ቁመት በክንዱ እየለካ ነው።]

አማች፦ እኔ የምለው፣ ቀጭኔው በዚህ በር አይገባም ነው።

አዘጋጅ፦ ቀጭኔው በበር አይገባም!

አማች፦ እኔስ ምን አልኩ ታዲያ? ተስማማን።

አዘጋጅ፦ አልተስማማንም! ቀጭኔው በየትኛውም በር አይገባም። ሥዕል ነው! ካርቱን!

አማች፦ ፖስተሩ «ባንዱ በአካል ተገኝቶ ይጫወታል» ይላል እኮ ጋሼ።

አዘጋጅ፦ እሱ ማስታወቂያ ነው።

አማች፦ ውሸት ነው ማለት ነው?

አዘጋጅ፦ ማስታወቂያ ነው አልኩህ እኮ! ይልቅ እነዚህ ወንበሮች ለማን ናቸው?

አማች፦ ለባንዱ። ይሄ ፀጉሯ ሰማያዊ ለሆነችው ዘፋኝ። ይሄ ለጊታሪስቱ ለቀበሮው። ይሄ ለኦርጋኒስቱ ለኤሊው። ለድራመሩ ለቀጭኔው በርጩማ አድርጌለታለሁ፣ ጣሪያው እንዳይነካው።

አዘጋጅ፦ አቤት አሳቢነት! ውሃስ አላቀረብክላቸውም?

አማች፦ ኤሊው ለብ ያለ ይወድ እንደሆነ ልጠይቅዎት ነበር።

አዘጋጅ፦ [ወደ ጣሪያው አንጋጦ] ፈጣሪዬ፣ ሚስት ስትሰጠኝ ወንድሟን ምራቂ ታደርገው? ና፣ ቁጭ በል፣ ላስረዳህ።

አማች፦ እሱ የቀበሮው ነው።

አዘጋጅ፦ ቁጭ በል! መድረኩ ፊት ዓይን የማይለየው ስስ መጋረጃ ተወጥሯል። ፕሮጀክተሩ ሥዕሎቹን እሱ ላይ ይጥላል፣ ሕዝቡ እነሱን ያያል። ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ እውነተኞቹ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። እህትህ ትዘፍናለች፤ ሥዕሏ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ገባህ?

አማች፦ ገባኝ። ከፊትም ሰው አለ፣ ከኋላም ሰው አለ፣ መሃል መጋረጃ አለ። ታዲያ መጋረጃውን ብናነሳውስ?

አዘጋጅ፦ ብናነሳውማ እንደማንኛውም ሰው ኮንሰርት አዘጋጀን ማለት ነው! ይሄ ጥበብ ነው ወንድሜ። ትንሽ ብርሃን ወደ ኋላ ካመለጠ ጉድ ነው። ባለፈው ብርሃኑ አምልጦ የድራመሩ ራሰ በራ ላይ አላረፈም? ቀጭኔው ሆድ ውስጥ ጨረቃ ወጣች!

አማች፦ ያምር ነበር እኮ። እኔ አጨብጭቤያለሁ።

አዘጋጅ፦ ያጨበጨብከው አንተ ብቻ ነህ! ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ጥቁር ካባ ከነቆቡ አሰፋሁላቸው።

አማች፦ በዚህ ሙቀት?

አዘጋጅ፦ ለጥበብ ማላብ ክብር ነው።

አማች፦ እርስዎን ግን ሲያልብዎ አይቼ አላውቅም።

አዘጋጅ፦ እኔን የሚያልበኝ በውስጤ ነው። ደግሞ የእህትህ ነገር! አንድ ቀን ስሜት ገባትና ድምጿን አስረዘመችው። ሥዕሏ ግን ዘፈኔን ጨርሻለሁ ብላ አፏን ገጥማለች። ድምፁ በየት በኩል ወጣ ይባል? በጆሮዋ? በቃ፣ ስሜት ከለከልኩ።

አማች፦ ስሜት ከለከሉ?

አዘጋጅ፦ መድረክ ላይ ብቻ። ቤት ውስጥ እንደፈለገች። ሌላ ቀን ደግሞ አስነጠሳት! ሥዕሏ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ቆማለች፣ ማስነጠሱ በስፒከር ይንጎደጎዳል። ሕዝቡ ባንድ አፍ «ይማርሽ!» አለ።

አማች፦ ጨዋ ሕዝብ ነው።

አዘጋጅ፦ ለጋዜጠኛው ምን ልበል? «ቴክኖሎጂያችን አድጓል፣ ሥዕሎቻችን ጉንፋን መያዝ ጀምረዋል» አልኩት። በማግስቱ በራዲዮ ቀርቤ ቁርጡን ተናገርኩ፦ ዘፋኟ ሰው አይደለችም፣ ከማሽን በቀር ማንም የለበትም!

አማች፦ እታለም ሰማችው?

አዘጋጅ፦ ሰምታ አኮረፈች። ሰሞኑን ደግሞ አላስቀምጥ ብላኛለች፦ «አንድ ዘፈን፣ አንድ ዘፈን ብቻ፣ ከመጋረጃው ፊት ቆሜ ልዝፈን።» ሕዝቡ የሚመጣው ባለ ሰማያዊ ፀጉሯን ብሎ ነው፤ አንቺን ማን ያይሻል አልኳት።

አማች፦ [ቀስ ብሎ] እንደሱ አሏት።

አዘጋጅ፦ በፍቅር ነው ያልኳት።

አማች፦ እና ሕዝቡ «ይደገም!» ቢልስ?

አዘጋጅ፦ አይደገምም። የተሳለው እስከዚያ ነው፤ ካለቀ ሥዕሎቹ እጃቸውን አውለብልበው ይጠፋሉ። ሰላምታውም አስቀድሞ ማሽኑ ላይ የተቀዳ ነው። «እንዴት ናችሁ!» ትላለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «አልሰማሁም!» ትላለች። ሕዝቡ በጩኸት አዳራሹን ቢያፈርሰውም አልሰማሁም ነው።

አማች፦ ቢሮ ሠርታ ታውቃለች ማለት ነው።

አዘጋጅ፦ [ሰዓቱን ያያል] ለመሆኑ ሙዚቀኞቹ የት ቀሩ? የድምፅ ሙከራው ሰዓት አለፈ እኮ። አልመጡም እንዴ?

አማች፦ የትኞቹ?

አዘጋጅ፦ የትኞቹ ይለኛል! እውነተኞቹ! ከእህትህ ጋር!

አማች፦ እነሱማ መጥተው ነበር። መለስኳቸው።

አዘጋጅ፦ ምን አደረግካቸው?

አማች፦ መለስኳቸው። «ፖስተሩን ያልመሰለ፣ የገዛ እናቴም ብትሆን፣ በዚህ በር እንዳታሳልፍ» አላሉኝም?

አዘጋጅ፦ ቀጭኔውን አቅፌ ፎቶ ካልተነሳሁ ለሚለው ወሬኛ ነው ያልኩህ!

አማች፦ ወሬኛ የሚል ቃል አልወጣዎትም። እኔም ፖስተሩን ይዤ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ድራመሩ አንገቱ አጭር ነው። ጊታር ያዘለውን ሰውዬ «ጭራህ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው ሊማታኝ ነበር።

አዘጋጅ፦ እህትህንስ? አብራህ ያደገችውን እህትህን!

አማች፦ እሷንማ ደጋግሜ ነው ያየኋት፣ በዘመድ አሳለፈ እንዳልባል። ፀጉሯ ሰማያዊ አይደለም ጋሼ።

አዘጋጅ፦ [የቀበሮው ወንበር ላይ ዘፍ ይላል] ገደልከኝ! አለቀልኝ! ሕዝቡ ገብቶ ምን ሊሰማ ነው? ሥዕሎቹ ያለ ድምፅ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ሊውሉ ነው?

[ከውጭ ከባድ ጭብጨባና ፉጨት ይሰማል።]

አዘጋጅ፦ ይኸው! ሰማህ? ገና በሩ ሳይከፈት! ሥዕሎቼን እንዴት እንደሚወዷቸው አየህ?

አማች፦ የፊት በሩማ ከተከፈተ ቆየ፤ የሚገባ ጠፋ እንጂ። ተጀምሯል ጋሼ።

አዘጋጅ፦ ምኑ?

አማች፦ ኮንሰርቱ። መኪና ማቆሚያው ላይ። ስመልሳቸው ዕቃቸው ገና መኪና ላይ ነበር፣ እዚያው ዘረጉት። እታለም አንዴ ድምጿን ስትለቀው ሰልፉ በሙሉ ፊቱን አዞረ።

አዘጋጅ፦ መብራት ከየት አመጡ?

አማች፦ ከጥበቃ ቤቱ ሶኬት ሰጠኋቸው። ለሶኬት ፖስተሩን ተመልከት አላሉኝም።

አዘጋጅ፦ ሥዕሎቹን የሚያንቀሳቅሰው የኮምፒውተር ባለሙያስ?

አማች፦ ከፊት ቆሞ እያጨበጨበ ነው። ማሽኑን ሳያጠፋ ነው የሮጠው መሰለኝ፣ ቀደም ብዬ ብቅ ስል ሥዕሎቹ ለባዶ ወንበር ይጨፍራሉ። ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ «አልሰማሁም!» ትላለች። ዛሬስ እውነቷን ነው።

አዘጋጅ፦ አንተ ጅል! አንተ ድንጋይ ራስ! ሥዕልና ሰው የማትለይ!

አማች፦ ቀጭኔው ሥዕል መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለዎት? ትናንት እታለም ሳሎን ቁጭ ብላ ስትለምንዎ እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ። ተኝቷል አላችሁ። አልተኛሁም። «አንቺን ማን ያይሻል» ሲሏት ሰማሁ። ታዲያ ማን እንደሚያያት አብረን እንይ ብዬ ነው።

አዘጋጅ፦ አሁኑኑ አስቆማታለሁ!

[እየሮጠ ይወጣል። ዘፈኑ ይቋረጣል። ከዚያ ረጅም ሳቅ፣ ከዚያም ዘፈኑ ይቀጥላል። አዘጋጅ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል።]

አማች፦ አስቆሟት?

አዘጋጅ፦ መሃላቸው ገብቼ ጀርባዬን ለእሷ፣ ፊቴን ለሕዝቡ ሰጥቼ እጄን አነሳሁ። «ዞር በል፣ አትከልለን!» አሉኝ። እኔን!

አማች፦ ሥራዎ መከለል መሆኑን በምን አወቁ?

አዘጋጅ፦ «ባሏ እኮ ነኝ!» አልኳቸው። ሳቁብኝ! «በራዲዮ ሰው አይደለችም ያልከው አንተ አይደለህ? መቼ ነው ማሽን ያገባኸው?» ይሉኛል።

አማች፦ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

አዘጋጅ፦ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ባሏ ከሆንክ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ምን እንደለበሰች ንገረን» አለች። እሷም መዝፈኗን አቁማ መልሴን ትጠብቃለች።

አማች፦ ታዲያ ምን አሏቸው?

አዘጋጅ፦ ምን እላለሁ? ጥቁር አልኳ!

አማች፦ ወይ ጋሼ! ቢጫ ቀሚስ እኮ ነው የለበሰችው።

አዘጋጅ፦ ዞሬ ሳይማ ቢጫ ነው! ከየት አመጣችው? እሷ ቢጫ ቀሚስ የላትም!

አማች፦ አላት እንጂ ጋሼ። በየኮንሰርቱ ከካባው ሥር የምትለብሰው እሱን ነው።