ከወረዳው የማይወጡት ሹፌር

ደንብ የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንደ ጋሽ ቦሩ ያለ ግን እንዳላጋጠማችሁ እርግጠኛ ነኝ። እኔ አዋላጅ ነርስ የሆንኩባት፣ ከነገሌ ወጣ ብላ ያለች ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሹፌር ናቸው። ያለ ደብዳቤ ከወረዳው መውጣት ክልክል ስለነበር፣ ወሰኑ ላይ ካለችው ግራር ጋር በኦሮምኛ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ተባብለው ይመለሳሉ እያልን እናማቸው ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጎረቤት ወረዳ ተደወለ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የእነሱ አምቡላንስ ደግሞ ተበላሽቷል። አለቃችን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ስልካቸው አልተነሳም።

«ጋሽ ቦሩ፣ ደብዳቤ የለንም» አልኳቸው፣ ልለምናቸው እየተዘጋጀሁ።

«እኔ እጽፈዋለሁ። አንቺ ግቢ» አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ግራሯን ቀና ብለው ሳያዩ አለፏት። ሴትዮዋን ነገሌ ሆስፒታል አደረስናት፤ እሷም የወለደቻት ልጅም ተረፉ። ጋሽ ቦሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ራሳቸውን የሚከስ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። የጣሱትን አንቀጽ እንኳ አልዘነጉም። የመጨረሻው መስመር «ነገም ቢደወል እሄዳለሁ» ይላል። ከእንዲህ ያለ ጥፋተኛ አጠገብ በመቀመጤ ኮራሁ።

የሁለቱ ወረዳ ኃላፊዎች ደብዳቤውን አንብበው ተገናኙ፤ ቅርብ ያለው መኪና በስልክ ጥሪ ብቻ እንዲሄድ ተስማምተው ፈረሙ። ጋሽ ቦሩም አዲሱን ደንብ እንደ አሮጌው አጥብቀው ያዙት። በቀደም አዲስ የተቀጠረ ሹፌር ስልክ አንስቶ «በሽተኛዋ የየትኛው ወረዳ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰሙት።

«እሱን ስትድን ትነግርሃለች» አሉት፣ ቁልፉን እያቀበሉት።